ከአዳማ ሆኖ በኦንላይን ጨረታ አሮጌ ሳንቲም ለመግዛት

አዳማ ላይ ሆኖ አሮጌ ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ወርቅ ቤቶች አልፎ አልፎ ጠገራ ይገባላቸዋል። ለእነሱ ግን ብር ማለት የሚቀልጥ ብር ነው፤ በግራም መዝነው ዋጋውን ይነግሯችኋል፣ አለቀ። ከአያት ሣጥን የሚወጣውም ቢሆን አንድ ሁለት ፍሬ ነው። ሰፊው ገበያ ያለው ውጭ ነው፤ ኢቤይ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ፣ እንዲሁም ሳንቲም ብቻ በሚሸጡ የአውሮፓና የአሜሪካ ጨረታ ቤቶች። የምኒልክ ብር፣ ማርያ ቴሬዛ፣ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች እዚያ በየጊዜው ይወጣሉ።

እንዴት ገብቶ መጫረት እንደሚቻል ከመጀመሪያው እንሂድበት። መጫረቱ ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ነው፦ ሳንቲሙን ማወቅ ላይ፣ ዋጋውንም እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ማስላት ላይ። ስለዚህ ስለ መጫረቻው ቁልፍ የማወራው ዘግየት ብዬ ነው።

አንድ ዘርፍ ያዙ

ያያችሁትን ሁሉ ለመግዛት አትነሱ። አንድ ጠባብ ዘርፍ ምረጡና እሱን በደንብ እወቁ። ለምሳሌ የምኒልክ ብር ከነዝርዝሩ፦ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙን (የብር ስምንተኛ)፣ ግርሽ። ወይም በ1923 ዓ.ም. የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መዳብና ኒኬል ሳንቲሞች። ወይም ጣሊያን ለኤርትራ ያስመታቸው ታለሮች (ትልልቅ የብር ሳንቲሞች)። ባቡሩ ያመጣው ከተማ ልጅ ነኝ የሚል ደግሞ የጅቡቲን ሳንቲሞች ቢሰበስብ አልፈርድበትም፤ ዋጋቸውም ብዙ አይጎዳም።

አንድ ዘርፍ ግን ለጀማሪ አልመክርም፦ የአክሱም ሳንቲም። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች ውብ ናቸው። የኢዛናን ብቻ ብናይ፣ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ጨረቃና ክብ ምልክት፣ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ መስቀል ይዘው እናገኛቸዋለን። ነገር ግን ውጭ የሚሸጠው ሳንቲም ከየት ቁፋሮ፣ በማን እጅ እንደወጣ የሚነግራችሁ የለም። አስመስሎ የተሠራውም ብዙ ነው። አገር ውስጥ እጃችሁ ቢገባ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ «ውጭ ላክና በዶላር ሽጠው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ዓመተ ምሕረቱን ራሳችሁ አንብቡ

እዚህ ላይ ከውጭ ተጫራቾች የምትበልጡበት ነገር አለ። ግእዝ ቁጥር ታነባላችሁ። ብዙ ሻጮች አያነቡም። ሳንቲሙን ዘቅዝቆ ፎቶ ያነሳ ሻጭ ካያችሁ አትሳቁ፣ ደስ ይበላችሁ፤ የሚሸጠውን አያውቅም ማለት ነው።

የምኒልክ ብር ላይ የምታገኟቸው ዓመቶች አራት ናቸው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭። በእኛ አቆጣጠር 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ማለት ነው። ከሁሉ የሚፈለገው 1887 ነው፤ ከ1889 ጋር ሲወዳደር በጣም ጥቂት ነው የሚገኘው። ልዩነታቸው ግን የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፣ ፯ ወይስ ፱። ሳንቲሙ ከተላላጠ ሁለቱ ይምታታሉ። እዚያች ቦታ ላይ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። ካልታየ ሻጩን የቀረበ ፎቶ ጠይቁ። አስሩን ቤትም አትለፉት፣ ፹ እና ፺ አንድ አይደሉም።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ሻጩ ካታሎግ አይቶ «1889» ብሎ ይጽፋል፣ ገዢው ደግሞ የአውሮፓ 1889 ይመስለዋል። አንዳንዱ ሻጭ አስልቶ «1897» ይላል። ሁለቱም አንድ ሳንቲም ናቸው። ፍለጋ ስታደርጉ ሁለቱንም ዓመት ሞክሩ። ስሙንም ቀያይሩ፦ ኢትዮጵያን በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ አጻጻፍ ፈልጉ፤ «አቢሲኒያ» ብላችሁም ሞክሩ። ብሩን «ታላሪ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ጥሩ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስሙ በተሳሳተ ወይም «የተቀላቀሉ የአፍሪካ ሳንቲሞች» ተብሎ በጅምላ በወጣ ዕቃ ውስጥ ነው። ሃያ ሳንቲም በተደረደረበት ፎቶ ጥግ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ብቅ ሊል ይችላል።

አንበሳውን ካነሳን አይቀር፣ የፊት እግሩን እዩ። በአንዳንዱ ብር ላይ የግራ እግሩን አንስቷል፣ በአንዳንዱ የቀኙን። ካታሎጎች እነዚህን ለይተው ይቆጥሯቸዋል። ኑሚስታ የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ዓመቱን፣ ዓይነቱን ሁሉ በፎቶ ያሳያል። ከመጫረታችሁ በፊት እዚያ ገብታችሁ አመሳክሩ።

አሁን ወደ ሁለቱ ትልልቅ ማጭበርበሪያዎች ልምጣ። ማጭበርበሪያ የምለው ሁልጊዜ ሆን ተብሎ ስለሚደረግ አይደለም፤ ብዙ ሻጭ ራሱም አያውቀውም።

የመጀመሪያው ማርያ ቴሬዛ ነው። ላዩ ላይ 1780 ይላል። ሻጩም «የ1780 ኦሪጅናል፣ ከ240 ዓመት በላይ የቆየ» ብሎ ያወጣዋል። እውነቱ ምንድን ነው? ብሩ ላይ መልካቸው ያለው የኦስትሪያ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይቀየር ተመትቷል፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ። ቪየና ብቻ አይደለም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ በርሚንግሃም፣ ቦምቤይ ሳይቀር መትተውታል። የአያቶቻችን ጠገራ አብዛኛው ከእነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለዩት ባለሙያዎች በትከሻዋ ላይ ባለው የዕንቁ ጌጥ፣ በዘውዷና በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባ ትንንሽ ልዩነት ነው። እናንተ ያንን እስክትለምዱ ድረስ ለማርያ ቴሬዛ የምትከፍሉት ዋጋ ውስጧ ካለው ንጹሕ ብር ዋጋ ብዙም አይብለጥ።

ሁለተኛው የ1936ቱ ነው። ፲፱፻፴፮ የሚል የጃንሆይ ሳንቲም ለአሥርተ ዓመታት ዓመቱ ሳይለወጥ ተመትቷል። ባለ አንድ፣ ባለ አምስትና ባለ አሥር ሳንቲሙ እንደ ልብ ነው። «ብርቅ፣ የጦርነት ዘመን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እለፉት። ከዚያ ዘርፍ የሚያስደስተው ባለ 25ቱ ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ከብር ከተሠራው ባለ 50 ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ እየተለበጠ ባለ 50 ተብሎ ይሰጥ ጀመር። ስለዚህ ጠርዙ ሞገድ ያለው ሆኖ እንደገና ተሠራ። ክቡ ከሞገደኛው ይበልጥ ይፈለጋል።

ፎቶውን እንዴት እንደምታዩ

የእኛ አገር ብሮች አንድ የተለመደ ጉዳት አላቸው። ጌጥ ነበሩ። እናቶች በአንገታቸው አድርገዋቸዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ነበር፤ ቆይቶ ይነቀልና ቦታው በሞረድ ይስተካከላል። ፎቶው ላይ ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን ጠርዝ እዩ። ጥርሱ የጠፋበት፣ ጠፍጠፍ ያለ ወይም ቀለሙ የተለየ ቦታ ካለ ማንጠልጠያ ነበረው ማለት ነው። ዋጋውን በጣም ይቀንሰዋል፣ ግማሽ ድረስ ሊጥለው ይችላል። የተበሳ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሻጩ ስላልጻፈው የለም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ መታጠብ። የሚያብረቀርቅ የ120 ዓመት ብር ካያችሁ ተጠራጠሩ። አሮጌ ብር ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ መልክ ይይዛል፤ ሰብሳቢ የሚወደውም ያንን ነው። የተፈተገ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ ሲያርፍ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይታያሉ።

ስለ አስመስሎ ሥራ አንድ መለኪያ ያዙ፤ ክብደት። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ነው፣ ንጥረቱ 835 በሺህ (ከሺህ እጁ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው)። ማርያ ቴሬዛ 28.067 ግራም ገደማ ነው፣ ንጥረቷ 833 በሺህ። ሁለቱም ስፋታቸው 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአገልግሎት ያለቀ ሳንቲም ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። 24 ግራም የሚመዝን «የምኒልክ ብር» ግን ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ክብደቱን ካልጻፈ ጠይቁ። ማርያ ቴሬዛ ከሆነች የጠርዟን ፎቶም ጠይቁ፤ ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች አሏት። ጠርዟ ልሙጥ ወይም በጥርስ ብቻ የተሞላ ከሆነ ተዉአት።

ፊደሉንም አንብቡት። አስመስሎ የሚሠራው ሰው አማርኛ አይችልም። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ላይ ፊደሎቹ ከደበዘዙ፣ ቅርጻቸው ከተዛባ ወይም ነጥቦቹ ካለ ቦታቸው ከገቡ ዓይናችሁ ወዲያው ይይዘዋል።

በፕላስቲክ ታሽጎ ደረጃ የተሰጠው ሳንቲምም አለ። ይህን የሚያደርጉት ትልልቆቹ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተመሠረተው ኤንጂሲ ናቸው። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው አገልግሎት ላይ ያልዋለ ነው። «ዲቴይልስ» የሚል ከተጻፈበት ሳንቲሙ እውነተኛ ቢሆንም ታጥቧል ወይም ተጎድቷል። ማሸጊያው ራሱም በሐሰት ይሠራል። ስለዚህ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ ፎቶው ያው መሆኑን አረጋግጡ።

ዋጋውን አስሉ፣ ከዚያ ጻፉት

ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ዋጋ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «ይህ ሳንቲም በሚሊዮን ይገዛል» የሚሉትን እርሷቸው። የሚቆጠረው የተሸጠበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ ከማጣሪያዎቹ መሀል «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡ፤ የቅርብ ወራት ሽያጮች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ደግሞ የድሮ ውጤታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ይዞታ ያላቸውን ጥቂት ሽያጮች አወዳድሩ፤ ከሁሉ ውዱንና ከሁሉ ርካሹን ጣሏቸው።

የታችኛውን ወለልም እወቁ። አንድ የምኒልክ ብር ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ። የዕለቱን የብር የዓለም ዋጋ በግራም ካወቃችሁ ሳንቲሙ ቢቀልጥ እንኳ የሚያወጣውን ታውቃላችሁ። ማንጠልጠያ የነበረው ሳንቲም ከዚያ ወለል ብዙ ሊርቅ አይገባም።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ብዙ ሰው ተሳስቶ ወደ ፊት ነው የሚቆጥረው፤ በ80 አሸንፎ መላኪያው ሲደመር ይደነግጣል። በምሳሌ እንየው። ይዞታው ደህና ለሆነ የ1889 ብር፣ እጄ እስኪገባ በጠቅላላው ከ90 ዶላር በላይ አልከፍልም አላችሁ እንበል። መላኪያው 22 ዶላር ነው። ባንካችሁ 3 በመቶ ይቆርጣል እንበል። 90 ለ1.03 ሲካፈል 87.38 ነው። ከዚያ 22 ሲቀነስ 65.38 ይቀራል። የእናንተ ጣሪያ 65 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ጉምሩክ ሊጠይቅ የሚችለውንም ከወዲሁ ከጣሪያው ላይ ቀንሱ።

ጨረታ ቤት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጨረታው ከተዘጋበት ዋጋ በላይ ገዢው ኮሚሽን ይከፍላል፣ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ። በ200 ዩሮ አሸነፋችሁ፣ ኮሚሽኑ 40 ዩሮ ነው፣ መላኪያው 35 ከሆነ 275 ሆነ ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ታክስም ሊጨመር ይችላል፤ ዕቃው ከአውሮፓ የሚወጣ ከሆነ ይቀራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሁሉ «የሽያጭ ደንብ» በሚለው ገጽ ተጽፏል። አሰልቺ ነው፣ ግን አንብቡት።

የወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። በስልክ አይደለም፣ በወረቀት። ጨረታው ሲሟሟቅ የምትመለሱት ወደሱ ነው።

ክፍያና አድራሻ፣ ከመጫረት በፊት

በጨረታ ዋጋ መስጠት ውል ነው። «አሸነፍኩ፣ ግን መክፈያ የለኝም» ብሎ ነገር የለም፤ አካውንታችሁ ይታገዳል። ስለዚህ ይህን መጀመሪያ ጨርሱ።

ተራው የኤቲኤም ካርዳችሁ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ይሠራል ብላችሁ አትገምቱ። ባንክ ሄዳችሁ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሚሰጡት በምን ሁኔታ እንደሆነ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ አሠራሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተመኑ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በጀታችሁን በብር ይዛችሁ፣ ጣሪያችሁን ግን በዕለቱ የባንክ መሸጫ ተመን ወደ ዶላር ቀይሩት። ባለፈው ወር ያሰላችሁት ለዛሬ አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው፤ ውጭ ያለ ዘመድ። የአክስት ልጅ ዋሽንግተን አለች፣ ከፍላ ተቀብላ ሰው ሲመጣ ትልካለች። ጥሩ መንገድ ነው፤ መላኪያም ይረክሳል። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ኢቤይ ለገዢ የሚሰጠው ዋስትና መጀመሪያ ለደረሰበት አድራሻ ነው። ዕቃው ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ በኋላ «የተለየ ነው» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ ዘመዳችሁ የፖስታው አስተላላፊ ብቻ እንዳትሆን። ፓኬቱ እንደደረሰ እንድትከፍት፣ በወጥ ቤት ሚዛን እንኳ ቢሆን እንድትመዝን፣ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም እንድትልክላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስህተት ካለ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ እዚያው ይመለሳል።

በቀጥታ ወደ አዳማ የምታስልኩ ከሆነ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋችኋል። የራሳችሁ ከሌለ የመሥሪያ ቤታችሁን በፈቃድ ተጠቀሙ፣ ስልክ ቁጥራችሁንም አጽፉ። ሻጩ መከታተያ ቁጥር ባለውና ኢንሹራንስ በተገባለት መንገድ ይላክላችሁ። አንዳንድ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ሳንቲም አይቀበሉም ወይም ካሳ አይከፍሉበትም፤ ሻጩ በምን እንደሚልክ ከመጫረታችሁ በፊት ጠይቁት። «ስጦታ፣ 5 ዶላር» ብለህ ጻፍልኝ አትበሉ። ፓኬቱ ቢጠፋ የምታገኙት ካሳ አምስት ዶላር ነው፤ ጉምሩክ ቢከፍተው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን መጫረት

ሻጩን አንድ ጊዜ እዩት። ስንት ሽያጭ አለው? ሳንቲም ይሸጣል ወይስ ትናንት የስልክ መያዣ ሲሸጥ ነበር? አሉታዊ አስተያየቶቹ ምን ይላሉ? መመለስ ይፈቅዳል? አልፈቅድም ካለ ጣሪያችሁን ቀንሱ።

ኢቤይ ላይ የምትጽፉት ዋጋ ወዲያው የምትከፍሉት አይደለም፤ የመጨረሻ ጣሪያችሁ ነው። ሲስተሙ እናንተን ወክሎ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። ገበያ የላካችሁትን ታማኝ ልጅ አስቡት፦ «እስከዚህ ድረስ ግዛ፣ በርካሽ ካገኘህ መልሱን አምጣ»።

በቁጥር እንየው። ጨረታው 20 ዶላር ላይ ነው። እናንተ 65.38 አስገባችሁ። ሌላው ሰው ጣሪያው 41 ነበር። የሚታየው ዋጋ 42 ይሆናል፣ መሪው እናንተ ናችሁ። ከ25 እስከ 100 ዶላር ባለው ክልል ጭማሪው አንድ አንድ ዶላር ስለሆነ ነው። ያ ሰው ተመልሶ 65 ቢያስገባስ? ዋጋው 65.38 ይሆንና አሁንም አሸናፊው እናንተ ናችሁ። ክብ ቁጥር አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ 50፣ 65፣ 100 ይላል፤ 38 ሳንቲም ትለያችኋለች። እኩል ከሆናችሁ ደግሞ ቀድሞ ያስገባው ያሸንፋል።

መቼ ነው የሚገባው? ሁለት ወገን አለ። አንዱ ጣሪያውን ቀደም ብሎ አስገብቶ ይተኛል። ሌላው እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ጠብቆ ይወረውራል። ኢቤይ ላይ ጨረታው በሰዓቱ ስለሚዘጋ ሁለተኛው ይጠቅማል፤ ሌላው ሰው ተናዶ ለመጨመር ጊዜ አያገኝም። ይሁን እንጂ አዳማ ነን። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ልክ በዚያች ደቂቃ ይጠፋል። የኔ ምክር መካከለኛው ነው፦ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሞባይል ዳታ ገብታችሁ ጣሪያችሁን አንድ ጊዜ አስገቡና ስልኩን አስቀምጡ። ተመልሳችሁ አትጨምሩ። «ሁለት ዶላር ብቻ» እያሉ ነው ሰዎች በ65 ያሰቡትን በ110 የሚገዙት።

የጨረታውን ታሪክ መክፈትም ልመዱ። ስሞቹ በኮከብ ተሸፍነው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ተጫራች ስንት በመቶውን ከዚሁ ሻጭ ጋር እንደተጫረተም ይታያል። አዲስ አካውንት ያለው፣ መቶ በመቶ ከዚህ ሻጭ ጋር ብቻ የሚጫረት፣ ደጋግሞ ዋጋ አስወድዶ የሚሸነፍ ሰው ካያችሁ የሻጩ የራሱ ሰው ሊሆን ይችላል። ውጡ።

ሰዓቱ

የሚዘጋበትን ሰዓት ወደኛ ቀይራችሁ አላርም ሙሉ። ለንደን በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት የሚዘጋ ጨረታ በእነሱ ክረምት ለእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው ደግሞ 4 ሰዓት። በካሊፎርኒያ እሑድ ማታ በእነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት ማለት ለእኛ የሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው 10 ሰዓት። የእኛ ሰዓት አይቀያየርም፤ የእነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ግድም ይቀያየራል። ቀኑንም አትርሱ፤ እነሱ ጋ ገና እሑድ ነው፣ እኛ ጋ ሰኞ ሊነጋ ነው።

ጨረታ ቤቶች ይለያሉ

ጨረታ ቤት ላይ ከሽያጩ ጥቂት ቀናት ቀድማችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመዘገብ አዲስ ሰው ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። ጣሪያችሁን በጽሑፍ አስቀድማችሁ መተው ትችላላችሁ፣ ወይም በቀጥታ ስርጭቱ ትጫረታላችሁ። በሰዓት በሚዘጋው ዓይነት ደግሞ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋ ከገባ ሰዓቱ ይራዘማል። ስለዚህ የኢቤይ የመጨረሻ ሴኮንድ ዘዴ እዚያ አይሠራም፤ ጣሪያችሁን በጽሑፍ ትታችሁ መተኛት ነው የሚሻለው። በተረፈ መግለጫቸው ከኢቤይ ሻጭ በጣም ይሻላል፤ ማንጠልጠያ ነበረው ካለ ይጽፉታል።

ካሸነፋችሁ በኋላ

በድረ ገጹ በኩል ብቻ ክፈሉ። ሻጩ «በሌላ መንገድ ብትልክልኝ ቅናሽ አደርጋለሁ» ካለ እምቢ በሉ፤ ከድረ ገጹ ከወጣችሁ ዋስትናው የለም። ተሸንፋችሁ ሳለ «የመጀመሪያው አሸናፊ አልከፈለም፣ ላንተ ልሽጥልህ» የሚል ኢሜይል ቢመጣም ሊንኩን አትጫኑ። እውነት ከሆነ አካውንታችሁ ውስጥ ስትገቡ ታገኙታላችሁ።

ፓኬቱ ሲደርስ ከመክፈታችሁ በፊት ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጉ። ፖስታው ከነቴምብሩና ከነአድራሻው ይታይ፤ ስትከፍቱት፣ ሳንቲሙ ሲወጣ ይቀረጽ። ከዚያ ማግኔት አስጠጉ፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ወደ ሚዛኑ ሂዱ። የወርቅ ቤት ሚዛን እስከ መቶኛ ግራም ያነባል። የምታውቁት ወርቅ ቤት ጎራ ብላችሁ «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይመዝኑልኝ» ብትሉ አይጨክኑባችሁም። እንዲፍቁት፣ አሲድ እንዲያንጠባጥቡበት ወይም «ላጽዳልህ» ብለው እንዲወለውሉት ግን አትፍቀዱ።

ክብደቱ ወይም መልኩ ከማስታወቂያው ካልገጠመ ለሻጩ የዚያኑ ቀን ጻፉ። በስድብ ሳይሆን በፎቶና በቁጥር፦ «28 ግራም ብለሃል፣ 25.3 ነው፣ ይኸው የሚዛኑ ፎቶ»። ካልመለሰ በድረ ገጹ የቅሬታ ቁልፍ በኩል ሂዱ። ቀኑን ቁጠሩ፤ ኢቤይ ላይ ሠላሳ ቀን ካለፈ ብዙ የምታደርጉት ነገር የለም።

ሳንቲሙን አትጠቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም። ጠርዙን በሁለት ጣት ይያዙት፣ ፊቱን አይንኩት። ለስላሳው ርካሽ የላስቲክ ኪስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡት፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል። ለሳንቲም የተሠራ የካርቶን መያዣ ካጣችሁ ንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ከእሱ ጋር የጨረታውን ገጽ ስክሪንሹት፣ የክፍያ ደረሰኙንና የጉምሩክ ወረቀቱን በአንድ ፖስታ ያዙ። አንድ ቀን ሳንቲሙን ለመሸጥ ወይም ይዛችሁ ከአገር ለመውጣት ብትፈልጉ፣ ከውጭ ገዝታችሁ ያስገባችሁት መሆኑን የሚያሳይላችሁ ያ ፖስታ ነው።